ጠይም ቀለም እንዴት ይበጠበጣል? የትናንሽ ምስሎች አቀባብ ሙያ

በሰሜን አሜሪካም ሆነ በአውሮፓ ልጆች የሚያሳድጉ ኢትዮጵያውያን ወላጆች አንዳንድ ጊዜ የምግብ ጠረጴዛቸው ላይ እንግዳ ነገር ያገኛሉ። ቁመቱ ከአውራ ጣት የማይበልጥ ግራጫ የፕላስቲክ ወታደር፣ ጠንቋይ ወይም ዘንዶ፤ አጠገቡም እንደ ዓይን መድኃኒት ብልቃጥ ያሉ የቀለም ጠርሙሶችና ጫፉ እንደ መርፌ የሾለ ብሩሽ። አባት «ይህን ያህል ገንዘብ ለአሻንጉሊት?» ይላል። እናት «ጠረጴዛዬን በቀለም ጨረሰው» ትላለች። ልጁ ግን ቴሌቪዥን ሳይከፍት፣ ስልክ ሳይነካ፣ ከወንበሩ ሳይነሣ አንዲት ካባ ሲቀባ ያመሻል።

ነገሩ ከልጅ ጨዋታ በላይ ነው። በእንግሊዝ፣ በፈረንሳይ፣ በስፔን፣ በጣሊያንና በአሜሪካ ጎልማሶች የሚወዳደሩበት፣ ዳኞች የሚሰየሙበት፣ ሽልማት የሚሰጥበት የእጅ ሙያ ሆኗል። ደግሞም በተሰጥኦ ብቻ የሚገኝ ሳይሆን ደረጃ በደረጃ የሚማሩት ነው። ሥዕል ሥሎ የማያውቅ ሰው እንኳ መሠረታዊ ነገሮችን ከያዘና እጁን ካፍታታ የሚያኮራ ሥራ ሊያወጣ ይችላል። ለአበሻ ቤተሰብ ደግሞ ሌላ ቁም ነገር አለው። በዚያች ትንሽ ምስል ላይ የማን መልክ እንደሚቀባ፣ የማን ልብስ እንደሚለብስ የሚወስነው ብሩሹን የያዘው ልጅ ራሱ ነው።

ከኑረምበርግ እስከ ለንደን

ትናንሽ ወታደሮችን ከቀለጠ ብረት መሥራት በአውሮፓ የቆየ ንግድ ነው። በጀርመን አገር በኑረምበርግ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1839 ሥራ የጀመረው የኤርንስት ሃይንሪክሰን ድርጅት የሳሱ ጠፍጣፋ ወታደሮችን ያወጣ ነበር። በለንደን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1893 ዊልያም ብሪተን የተባለው ሰው ውስጡ ባዶ የሆነ የእርሳስ ወታደር መሥራት ጀመረ። ዘዴው እንዲህ ነው፤ የቀለጠው እርሳስ ቅርጽ ማውጫው ውስጥ ከተፈሰሰ በኋላ ዳር ዳሩ ሲረጋ፣ መካከሉ ገና ፈሳሽ ሳለ ተገልብጦ ይደፋል። የሚቀረው ቅርፊቱ ብቻ ስለሆነ ወታደሩ ቀለለ፣ ዋጋውም ረከሰ። የእነዚህ ወታደሮች ቁመት 54 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ ይህ ልክ እስከ ዛሬ በሰብሳቢዎች ዘንድ ይሠራበታል።

የብሪተን ድርጅት ኢትዮጵያንም አልዘለላትም። ፋሺስት ጣሊያን አገሪቱን በወረረበት በ1930ዎቹ አጋማሽ የንጉሠ ነገሥቱን የክብር ዘበኞችና የኢትዮጵያን ባላገር ተዋጊዎች የሚያሳዩ ወታደሮችን በሣጥን አድርጎ ለገበያ አቅርቧል። እርሳስ መርዝ መሆኑ እየታወቀ ሲሄድም ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ1966 የእርሳስ ምስል ማምረት አቁሞ ወደ ፕላስቲክ ዞረ።

እነዚህን ምስሎች ደርድሮ ጦርነት መጫወትን ከልጆች ክፍል አውጥተው ለአዋቂዎች ካስተዋወቁት አንዱ እንግሊዛዊው ደራሲ ኤች ጂ ዌልስ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1913 የጨዋታውን ሕግ የያዘ መጽሐፍ አሳትሟል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1974 «ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» የተባለው ጨዋታ ሲወጣ፣ በለንደንም በ1975 ጌምስ ዎርክሾፕ ሲቋቋም፣ ከታሪክ ወታደሮች ጎን ጠንቋዩና ዘንዶው ቦታ ያዙ። ይኸው ድርጅት በ1983 «ዋርሃመር»ን አወጣ፤ በ1987 ደግሞ «ጎልደን ዲመን» የተባለውን የቀለም ቅብ ውድድር ጀመረ። ዛሬ በጨዋታ መደብሮች ውስጥ በብዛት የሚታየው ምስል 28 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ሙያው የሚፈተነውም በዚህች ቁመት ላይ ነው።

መሣሪያ፦ ጥቂት፣ ግን ደኅና

ጀማሪ ሁሉ የሚሳሳተው ነገር አለ። ምስሉ ትንሽ ስለሆነ ብሩሹም ከሁሉ የቀጠነው መሆን አለበት ብሎ ያስባል። እጅግ የቀጠነ ብሩሽ ቀለም አይዝም፤ የያዛትም ጠብታ ምስሉ ጋ ሳትደርስ ትደርቃለች። የሚሻለው ሆዱ ሞላ ያለ፣ ጫፉ ግን የሾለ ቁጥር 1 ወይም ቁጥር 2 ብሩሽ ነው። ባለሙያዎች የሚመርጡት ኮሊንስኪ የተባለው፣ የሙጭልጭላ ዓይነት ትንሽ የሳይቤሪያ አውሬ የጭራ ጠጉር የሆነውን ነው። እንዲህ ያለው ብሩሽ ዋጋው ወደድ ይላል፤ በደንብ ከተያዘ ግን ዓመታት ያገለግላል።

አያያዙም ቀላል ነው። ቀለሙ ከጠጉሩ ግማሽ በላይ እንዲወጣ አይደረግም፤ ወደ ብረቱ አንገት ገብቶ ከደረቀ ጠጉሩን ይበታትነዋልና። ከሥራ በኋላ በቀዝቃዛ ውሃና በሳሙና ታጥቦ፣ ጫፉ በጣት ተሹሎ፣ ጋደም ተደርጎ ይቀመጣል። ብርጭቆ ውስጥ በጠጉሩ ተደፍቶ ያደረ ብሩሽ ጫፉ እንደ ቆልማማ ጣት ታጥፎ ይቀራል።

ቀለሙ በውሃ የሚቀጥን አክሪሊክ ቢሆን ለቤት ይስማማል፤ ሽታ የለውም፣ በደቂቃዎች ውስጥ ይደርቃል። ሃምሳ ዓይነት ጠርሙስ መግዛት አያስፈልግም። ጥቁር፣ ነጭ፣ ቀይ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊ፣ ጠቆር ያለ ቡናማ፣ የሸክላ አፈር የመሰለ ቢጫማ ቡናማና አንድ የብር ቀለም ለመጀመሪያው ዓመት ይበቃሉ። በጥቂት ቀለም የሚጀምር ሰው መበጥበጥን ይማራል።

ቀለም ሳይደርቅ እንዲቆይ ደግሞ እርጥብ ገበታ ይዘጋጃል። ክዳን ያለው ጠፍጣፋ የምግብ ዕቃ ተወስዶ ስስ ስፖንጅ ወይም የታጠፈ የወጥ ቤት ሶፍት ይነጠፍበታል። ውሃ እስኪጠግብ ከራሰ በኋላ የመጋገሪያ ወረቀት ከላዩ ይደረጋል። ወረቀቱ ላይ የፈሰሰው ቀለም ከሥሩ እርጥበት እየሳበ ለሰዓታት ይቆያል። ክዳኑ ከተገጠመ ለነገም ያድራል።

ሳይቀቡ በፊት

ጥሩ ቅብ የሚጀምረው ከብሩሹ በፊት ነው። ከፋብሪካ የወጣ ምስል ሁለቱ የቅርጽ ማውጫ ክፍሎች የተጋጠሙበት መስመር ይታይበታል። መስመሩ በስለት ጀርባ ይፋቃል፤ ቀሪው በደቂቅ ሞረድ ወይም በብርጭቆ ወረቀት ይለሰልሳል። ክፍተት ካለ ስቱኮ ይሞላል። ይህ ሥራ አሰልቺ ነው፤ ያልተፋቀ መስመር ግን ከቀለም በኋላ እንደ ጠባሳ ጎልቶ ይወጣል።

ቀጥሎ ምስሉ ለብ ባለ ውሃና በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ይታጠባል፤ ከፋብሪካ የተረፈ ቅባት ካለበት ቀለም አይቀበልምና። ሲደርቅ ቡሽ ወይም የመድኃኒት ብልቃጥ ክዳን ላይ ይለጠፋል። ቀቢው የሚይዘው ቡሹን እንጂ ምስሉን አይደለም፤ የጣት ወዝ ቅብን ያነሣል።

ከዚያ ፕራይመር ይነፋበታል። ፕላስቲክና ብረት አክሪሊክን ይዘው አያቆዩም፤ ፕራይመሩ ነው በሁለቱ መካከል ሆኖ የሚያጣብቃቸው። ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ርቆ፣ ቆርቆሮውን እያንቀሳቀሱ በአጭር በአጭሩ መንፋት ነው። አየሩ በጣም እርጥብ ወይም በጣም ሞቃት በሆነ ቀን ከተነፋ ቅቡ እንደ አሸዋ ይሻክራል።

አንድ ጠቃሚ ዘዴም አለ። መጀመሪያ ምስሉ ሁሉ ጥቁር ይነፋል፤ ሲደርቅ ከአናቱ በኩል ብቻ ነጭ ስስ ተደርጎ ይነፋበታል። ፀሐይ እላዩ ብትሆን ብርሃኗ የት የት እንደሚያርፍ ነጩ ይነግረዋል፤ ጥላው የሚወድቅበት ደግሞ ጥቁር ሆኖ ይቀራል።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች

ከጠርሙስ የወጣ ቀለም እንዳለ ከተቀባ ወፍራም ነው፤ የፊቱን እጥፋት፣ የጣቱን ክፍተት ይደፍነዋል። ስለዚህ በውሃ ቀጥኖ የወተት ያህል ይሆናል። ብሩሹ ቀለም ከነካ በኋላ ሶፍት ላይ አንዴ ጠረግ ይደረጋል፤ ያለዚያ ጠብታው በአንድ ጊዜ ይፈስሳል። የመጀመሪያው ስስ ቅብ ሥሩን ስለሚያሳይ ጀማሪውን ያስደነግጠዋል፤ ደርቆ ሁለተኛው ሲጨመር ግን ልስልስ ብሎ ይሸፍናል። ሁለት ስስ ቅብ ከአንድ ወፍራም ይበልጣል። በዚህ ሙያ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የሚለው ተረት በየቀኑ ይሠራል፤ ያልደረቀ ቅብ ላይ ብሩሽ የመለሰ ሰው የቀባውን ሁሉ ይገፈዋል።

የእጅ መንቀጥቀጥም መፍትሔ አለው። ሁለቱም ክርኖች ጠረጴዛ ላይ ያርፋሉ፤ ብሩሽ የያዘው እጅ አንጓ ምስሉን ከያዘው እጅ አንጓ ጋር ይገናኛል። ያኔ እጆቹ ቢንቀጠቀጡ እንኳ አብረው ስለሚንቀጠቀጡ ብሩሹና ምስሉ አይራራቁም።

ብርሃንና ጥላን ማጋነን

ፀሐይ በእውነተኛ ሰው ልብስ ላይ ስታርፍ እጥፋቱ ጥልቅ ስለሆነ ጥላው ጎልቶ ይታያል። በ28 ሚሊ ሜትር ምስል ላይ ግን እጥፋቱ ከክር አይበልጥም፤ ብርሃን ሁሉንም እኩል ያገኘውና ከክንድ ርቀት ሲታይ አንድ ወጥ ጉብታ ይመስላል። ስለዚህ ቀቢው ተፈጥሮ ያልሰጠውን ጥላ በቀለም ይሰጠዋል፤ ጥላውን ከእውነተኛው አጥቁሮ፣ ብርሃኑን ከእውነተኛው አድምቆ። ቀረብ ብሎ ሲታይ የተጋነነ የሚመስለው ከርቀት ልክ ይሆናል።

ለዚህ ሦስት መንገዶች አሉ። አንደኛው «ዎሽ» የሚባለው እንደ ውሃ የቀጠነ ጠቆር ያለ ቀለም ነው፤ ሲቀባ ራሱ ወደ እጥፋቱ እየወረደ ጥላ ይሆናል። ከበዛ ግን ስኒ ያረፈበት ጠረጴዛ ላይ እንደሚቀረው የቡና ክብ ምልክት ጥሎ ይደርቃል፤ ስለዚህ የተጠራቀመው በንጹሕ እርጥብ ብሩሽ ይመጠጣል። ሁለተኛው ደረቅ ብሩሽ ነው። ብሩሹ ቀለም ነክቶ ሶፍት ላይ እስኪደርቅ ይጠረግና በጎበጠው አካል ላይ ብቻ ሲዳሰስ ለጠጉር፣ ለሰንሰለትና ለድንጋይ ይሆናል። ሦስተኛው ደራርቦ መቀባት ነው፤ ከጥቁሩ ጀምሮ እያፈኩ፣ እያንዳንዱን ቅብ ከቀደመው እያሳነሱ ወደ ጫፍ መውጣት። እጅግ የሚያምረው ይህኛው ነው፤ ትዕግሥት የሚፈልገውም ይኸው ነው።

ብዙ ወታደር ቶሎ መቀባት ለሚፈልግ ደግሞ ጌምስ ዎርክሾፕ እ.ኤ.አ. በ2019 «ኮንትራስት» የተባሉ ቀለሞችን አውጥቷል። በነጣ ያለ ፕራይመር ላይ በአንድ ቅብ ጥላውንም ብርሃኑንም ለማሳየት የተዘጋጁ ናቸው፤ በኋላም ሌሎች ሠሪዎች ተመሳሳዩን አምጥተዋል።

ጠይም፣ ቀይ ዳማ፣ ጥቁር

የሰው ቆዳ ጋ ሲደረስ ጉዳዩ ከሙያ ያልፋል። በአሜሪካ የታወቀው የክሬዮን ሠሪ ክሬዮላ «ሥጋ» ብሎ ሲጠራው የነበረውን ፈዛዛ ሮዝ ቀለም ስሙን «ኮክ» ብሎ የለወጠው እ.ኤ.አ. በ1962 ነው። በትናንሽ ምስሎች ቀለም ዘንድም «የሥጋ ቀለም» ሲባል ለረጅም ጊዜ ይኸው ሮዝ ነበር። ዛሬ ብዙ ሠሪዎች ለጠቆረ ቆዳ የሚሆኑ ቀለሞችን ያወጣሉ። ሆኖም ጠርሙስ ገዝቶ ከመቀባት መበጥበጥን ማወቅ ይበልጣል፤ በዚህ ረገድ አማርኛ ተናጋሪ ቤተሰብ የሚቀድም ሀብት አለው። ቀይ፣ ቀይ ዳማ፣ ጠይም፣ ጥቁር እያለ የሰውን መልክ የሚለይ ቋንቋ ያለው ሰው የሚፈልገውን ቀለም ገና ሳይበጠብጥ በዓይነ ኅሊናው ያየዋል።

ለጠይም ጠቆር ያለው ቡናማ ላይ ጥቂት ቀይና የሸክላ አፈሩ ቢጫማ ቡናማ ይጨመራል። ለቀይ ዳማ ቢጫማው ይበዛል። ለጥቁር ቡናማው ላይ ጠብታ ሰማያዊ ይገባል። ይህ መሠረቱ ነው። ጥላው በጥቁር ቀለም አይደረግም፤ ጥቁር ብቻውን ፊትን ያቆሽሸዋል። ቡናማው ላይ ጥቂት ሰማያዊና ቀይ ሲጨመር ወይን ጠጅ የሚመስል ሞቅ ያለ ጥላ ይወጣል።

ትልቁ ስሕተት የሚፈጸመው ብርሃኑ ላይ ነው። ብዙ ሰው ቡናማውን ለማፍካት ነጭ ይጨምርበታል። ነጭ የገባበት ቡናማ ግን ሕይወት ያጣል፤ ቅባት እንዳልነካው ቆዳ አመድማ ይሆናል። ማፍካት የሚገባው በቢጫማ ቡናማ ነው፤ ቀለሙ ከቡና ወደ ማኪያቶ እየሄደ ግንባርን፣ ጉንጭን፣ የአፍንጫን አጥንትና አገጭን ይነካል። የጠቆረ ቆዳ ብርሃንን ጠበብና ደመቅ አድርጎ ስለሚመልስ፣ በመጨረሻ የአፍንጫው ጫፍና ግንባሩ ላይ እጅግ የፈካች አንዲት ነጥብ ትቀመጣለች። መዳፍ ከእጅ ጀርባ ፈካ ይላል፤ የታችኛው ከንፈር ጥቂት ቀላ ይላል። እነዚህ ትናንሽ ነገሮች ናቸው ምስሉን ሰው የሚያደርጉት።

ሸማና ጎፈር

እ.ኤ.አ. በ1896 የተካሄደውን የአድዋ ጦርነት ተዋጊዎች በ28 ሚሊ ሜትር የሚያወጡ አነስተኛ ሠሪዎች አሉ። የአበሻ ልብስ ለቀቢ ጥሩ ትምህርት ቤት ነው፤ ከሁሉ የሚከብደው ቀለም ነጭ ነውና።

ነጭ ሸማ በነጭ ቀለም አይጀመርም። መሠረቱ ፈዛዛ ግራጫ ወይም ክሬም ይሆናል። እጥፋቱ ውስጥ ቀጠን ያለ ሰማያዊ ግራጫ ከገባ ልብሱ ለበዓል የታጠበ ይመስላል፤ ቡናማ ከገባ ደግሞ ከዘመቻ የመጣ፣ አቧራ የጠገበ ይሆናል። ንጹሑ ነጭ የሚነካው የእጥፋቱን ጫፍ ብቻ ነው። ጥለቱን ክር በክር ለመቁጠር መሞከር ድካም ነው፤ አንድ ቀጥ ያለ መስመርና በላዩ የተደረደሩ ጥቂት ነጥቦች ይበቃሉ፣ የጎደለውን ዓይን ራሱ ይሞላዋል።

ለጎፈር ጠቆር ያለ ቡናማ ይቀባል፣ ዎሽ ይፈስስበታል፣ ከዚያ በደረቅ ብሩሽ ቢጫማ ቡናማ ሲዳሰስበት የአንበሳው ጋማ እያንዳንዱ ጠጉር ይነሣል። ጋሻው ቆዳ ስለሆነ ቡናማና ጥቁር ነው፤ የብር ጌጡ ግን ጫፍ ጫፉ ላይ ብቻ ሲያበራ ያምራል።

ዓይን የመጨረሻው ፈተና ነው። የቀድሞ የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎች ጻድቁን ሰው ሁለት ዓይኑ እንዲታይ ፊት ለፊት፣ ክፉውን በአንድ ዓይን በጎን ይሥሉት ነበር፤ ዓይኑንም አጉልተው ነው። በትንሽ ምስል ላይ ዓይን ሲጎላ ግን ሰውየው የደነገጠ ይመስላል። ስለዚህ መጀመሪያ የዝሆን ጥርስ የመሰለ ፈዛዛ ቀለም በዓይኑ ቦታ ይነካል፤ ቀጥሎ ከላይ እስከ ታች የሚደርስ አጭር ጥቁር መስመር መካከሉ ይሰመራል፤ በመጨረሻ የተረፈው በቆዳ ቀለም ዙሪያውን ይሸፈናል። ዓይኖቹ ከተንሸዋረሩ ፊቱ ገና ሌላ ቅብ ስላልበዛበት ማረም ቀላል ነው፤ በዚህም ምክንያት ብዙ ባለሙያዎች ዓይንን ቀድመው ይሠራሉ።

እጅ የሚሻሻለው

በሳምንት አንድ ቀን አምስት ሰዓት ከመቀመጥ በየቀኑ ሠላሳ ደቂቃ መቀመጥ ይጠቅማል። ከሥራ ደክሞ ለሚገባ ሰውም ልኩ ነው። እያንዳንዱ ምስል ላይ አንድ አዲስ ነገር ብቻ መሞከር ይገባል፤ በዚህኛው ቆዳ፣ በሚቀጥለው ብረት። ሁሉን በአንዴ የሚሞክር የትኛው እንዳበላሸበት አያውቅም።

የተጀመረ ምስል ሳያምርም ቢሆን ይጨረስ። ከመቆሚያው ሥር ቀኑ ይጻፍና ይቀመጥ። የመጀመሪያውን ምስል የጣለ ሰው ምን ያህል እንደተራመደ የሚለካበት ነገር የለውም። የስልክ ፎቶግራፍ ደግሞ ደግ ዳኛ ነው፤ ዓይን የለመደውን ስሕተት አጉልቶ ያሳያል። ሌላ ቀቢ ሲጠየቅም «እንዴት ነው?» ከማለት «ጥላው በቂ ነው ወይ?» ማለት የሚጠቅም መልስ ያመጣል። በብዙ ከተሞች የጨዋታ መደብሮች ጠረጴዛ ዘርግተው ሰው ተሰብስቦ እንዲቀባ ይፈቅዳሉ።

ጥንቃቄ

ከአሮጌ ዕቃ ገበያ የሚገኝ የብረት ምስል እርሳስ ሊሆን ስለሚችል ለሕፃን አይሰጥም፤ የነካም እጁን ይታጠብ፣ ደረቅ ሞረድም አይነካው። ሬዚን የተባለው ማቴሪያል አቧራው ለሳንባ ጎጂ ነው፤ በውሃ እየራሰ፣ አፍና አፍንጫ ተሸፍኖ ይሞረዳል። የሚነፋ ቀለም ከቤት ውጭ፣ ከእሳትና ከሲጋራ ርቆ ይነፋል። ብሩሽን በከንፈር ማሾል የብዙዎች ልማድ ቢሆንም አንዳንድ ቀለም ውስጥ ያለው ማዕድን ወደ ሆድ የሚገባ አይደለም። ስለት ሁልጊዜ ከጣት ወደ ውጭ ይገፋል። መብራት ደግሞ የቀን ብርሃን የሚመስል፣ ከ5000 እስከ 6500 ኬልቪን ያለው ይመረጣል፤ በቢጫ አምፖል ሥር የተበጠበጠ ጠይም ጠዋት ሲታይ ሌላ ቀለም ሆኖ ይገኛል።

ይህ ሙያ ለስደተኛ ቤተሰብ የሚሰጠው ጥቅም ካለ ጥያቄ ማስነሣቱ ነው። አንድ ልጅ የአድዋን ተዋጊ ሲቀባ «ጎፈር የማን ነው? ጥለቱ ቀይ ነው ወይስ አረንጓዴ? ለምን ባዶ እግሩን ነው?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ለነዚህ ጥያቄዎች መልሱ ጠርሙሱ ላይ አልተጻፈም፤ አያት፣ እናት ወይም አጎት ጋ ነው ያለው። ብሩሹ ተይዞ፣ እጅ ሥራ ላይ ሆኖ የሚነገር ታሪክ ደግሞ ስብከት አይመስልምና ልጅ ይሰማዋል። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እንደሚባለው፣ ቅቡም ሆነ ወጉ ስስ ስስ እየተደረገ ሲደራረብ ይጸናል።